ፊት ላይ የሚታይ ለውጥ ጉበት መታመሙን ይናገራል?

የማለዳ ጤዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ሁለቱ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ቡናማ ነገር ወጥቶባታል። ከዓይኗ ሥርም ጠቁሯል። ቶሎ ይደክማታል። አንድ የምታውቀው ሰው ፊቷን አየና «ጉበትሽን ታመሻል፣ ፊትሽ ይናገራል» አላት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ጉበት ያጥባል የተባለ የቅጠል ዱቄትም አግኝታለች፤ እስካሁን አልጀመረችውም። ተመርመሪ ስላት ክፉ ነገር ይነግሩኛል ብላ ትፈራለች። እውነት ፊት አይቶ ጉበት ታሟል ማለት ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ታዛቢ፦
ይቻላል እህቴ። በሁለቱ ቅንድቦች መሃል ያለው ቦታ የጉበት ነው ይባላል። እዚያ ብጉር ወይም መስመር ከወጣ ጉበት ተጨናንቋል ማለት ነው። ይህን የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች አሉ። ዱቄቱንም ብትሞክረው ምን ይጎዳታል? ቅጠል ነው።

ውስጥ ደዌ፦
የማለዳ ጤዛ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ዱቄቱን እንዳትጀምር ዛሬውኑ ንገሪያት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እጽፋለሁ።

ታዛቢ ወንድሜ፣ የፊት ካርታ የሚባለው ነገር የቆየ ነው። ግን ቅንድብ መሃል የወጣ ብጉር ከጉበት ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ብጉር የሚመጣው ከቆዳ የወዝ ዕጢዎች፣ ከሆርሞንና ከባክቴሪያ ነው። ቅንድብ መሃል ያለው መስመርም ግንባራችንን ስንቋጥር የሚሠራው ጡንቻ ያመጣው ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ፊት ላይ ስለ ጉበት ከሁሉ በላይ የሚናገር አንድ ቦታ አለ። እሱም የዓይን ነጩ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ የደም ሴሎች 120 ቀን ገደማ ኖረው ይፈርሳሉ። ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይተርፋል። ጉበት ይህን ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ሰገራ ቡናማ የሚሆነውም በእሱ ነው። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ቢሊሩቢኑ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ዴሲ ሊትር ከ1.2 ሚሊ ግራም ገደማ አይበልጥም። ወደ 3 ሲጠጋ የዓይን ነጭ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ቆዳ ላይ በደንብ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ላይማ ፊቱን አይቶ ቢጫነቱን መለየት በጣም ያስቸግራል። ስለዚህ መታየት ያለበት ዓይን ነው፤ ቀጥሎም ከምላስ ሥር።

ስታዩ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ይሁን። ቢጫ አምፖል ሥር የሁሉም ሰው ዓይን ቢጫ ይመስላል። የላይኛውን የዓይን ቆብ ቀስ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉ፤ ሰውየው ቁልቁል ይመልከት። ያኔ ነጩ ሰፋ ብሎ ይታያል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ብዙ ሰዎች የዓይናቸው ነጭ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ ወይም ወደ ዳር ቢጫ ቢጫ የሚል ስብ አላቸው። ያ በሽታ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚታየው። የወፍ በሽታ የምንለው ቢጫነት ግን ነጩን ሁሉ እኩል ያለብሰዋል።

ሽንትም ይጠየቃል። በቂ ውኃ እየጠጣች ሽንቷ ጠቁሮ ቡናማ ከሆነ፣ ሰገራዋም ነጣ ብሎ አመድ ከመሰለ፣ የዓይኗ ቢጫነት ገና ግልጽ ባይሆንም በፍጥነት መታየት አለባት።

የማለዳ ጤዛ፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ጠዋት መስኮት ጋ አስቀምጬ አየኋት። ዓይኗ ነጭ ነው። ሽንቷም ሰገራዋም እንደ ወትሮው ነው አለችኝ። ታዲያ ጉንጯ ላይ ያለው ቡናማ ነገር ምንድን ነው? የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ትወስዳለች፤ ሥራዋም ፀሐይ ላይ ነው።

ውስጥ ደዌ፦
ሳላያት መወሰን አልችልም። አገላለጽሽ ግን ማድያት ይመስላል። ማድያት ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጉንጭ፣ በግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ይወጣል። ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። ዋና ዋና መነሻዎቹ ፀሐይ፣ እርግዝና፣ ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያና በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ ናቸው። የታይሮይድ ችግር ያለባቸው ላይም በርከት ብሎ ይታያል። ማድያት የወጣባት ሴት ሁሉ ጉበቷ ታሟል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያሸብራል፤ እኔ ራሴ ለታካሚዎቼ ይህን ስነግር ነው የምውለው። አንዳንድ ሰዎች ዕድሜ ሲገፋ እጅና ፊት ላይ የሚወጣውን ጠቃጠቆም የጉበት ይሉታል። እሱም የፀሐይና የዕድሜ ነው።

ከዓይን ሥር መጥቆርም እንዲሁ። በዘር የሚመጣ አለ፣ ከእንቅልፍ ማጣት አለ፣ በአለርጂ ምክንያት ዓይንን ከማሸት የሚመጣ አለ።

ድካሟን ግን ችላ አትበሉት። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ ስኳር ሊሆን ይችላል። ጉበትም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ታዛቢ፦
ዶክተር፣ ስለ ብጉሩ ያልከውን ተቀብያለሁ። ግን ጉበቱ የታመመ ሰው ፊቱ ጠቁሮ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱስ?

ውስጥ ደዌ፦
ያየኸው እውነት ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ ሲታመም ፊት ሊለወጥ ይችላል። ሐሞት በደንብ ካልፈሰሰ ቆዳ እያደር ይጠቁራል። ሰውነት ብረት አብዝቶ የሚያከማችበት በዘር የሚወረስ በሽታም ቆዳን ነሐስማ ያደርጋል፤ ጉበትንም ይጎዳል። ጉበቱ በጠባሳ ተሞልቶ ሲሮሲስ የሚባለው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጆሮ ግንዱ አካባቢ ይጎደጉዳል፣ የጉንጩ አጥንት ይወጣል። አልኮል ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ጆሮው ፊት ለፊት ያለው የምራቅ ዕጢ አብጦ ጉንጩ የሞላ ሊመስል ይችላል።

ግን ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ብቻውን አይመጣም። ሆድ በውኃ ይነፋል፣ እግር ያብጣል፣ መዳፍ ይቀላል፣ በትንሽ ነገር ይደማል፣ ሽፍታ ሳይኖር ሌሊት ሌሊት መዳፍና የእግር ጫማ ያሳክካል። ያየኸው ሰውዬ ፊቱ ሲጠቁር ከእነዚህ አንዱ ወይም ሌላው ሳይኖርበት አይቀርም።

ጠዋት ፊት ማበጥን በተመለከተም ብዙ ሰው ወደ ጉበት ይሮጣል። የጉበት እብጠት የሚጀምረው ከእግርና ከሆድ ነው። ከዓይን ዙሪያ ከጀመረ አስቀድሞ የሚታሰበው ኩላሊት ነው።

ዝምተኛው፦
ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው፤ እዚህ ላይ ግን መጻፍ አለብኝ። እኔ ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ አለብኝ። ያወቅሁት ደም ልለግስ ሄጄ ነው። ፊቴ ላይ አንዳች ነገር የለም። ዓይኔ ነጭ ነው፣ ቆዳዬ ደህና ነው፣ ስፖርት እሠራለሁ። ሰው አይቶኝ «አምሮብሃል» ይለኛል። እኔ እንደ እናንተ ፊቴን አይቼ ልወስን ብል ኖሮ እስከ ዛሬም አላውቅም ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሰው ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ሲያይ ይደነግጣል፤ ምንም ሳያይ ሲቀር ደግሞ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ነው የሚገድለው። የጤና ሁኔታዬን የሚያውቁ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ከእኔ ጋር መብላት ፈርተዋል። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አልጋራም፤ በቃ።

ላብራቶሪ ቤት፦
ዝምተኛው ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ እንዳንተ ያለ ውጤት በየጊዜው ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ነበረበት። ቢ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ተመርምረው ያወቁት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት እንደማንኛውም ሰው ወጥተው ይገባሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ።

ለየማለዳ ጤዛ እህት የሚጠቅማትን ልንገርሽ። «የጉበት ምርመራ» ስትል ብዙ ጊዜ የሚሠራላት ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልፒና ቢሊሩቢን ነው። ኤኤልቲ የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ነው። ከፍ ካለ ጉበቱ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። መደበኛ ከሆነ ግን ሁሉም ሰላም ነው ማለት አይደለም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ኤኤልቲው መደበኛ ሊሆን ይችላል። ጉበቱ ሥራውን መሥራቱን የሚናገሩት አልቡሚንና የደም መርጋት ጊዜ ናቸው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕሌትሌት የተባለው የደም ክፍል ዝቅ ማለቱም አንድ ፍንጭ ነው። የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ለብቻው ይታዘዛል፤ ካልጠየቃችሁ ላይሠራ ይችላልና ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። የደም መጠንና ታይሮይድም ይጨመር።

ወለላ፦
እኔም ልጠይቅ። እናቴ የዓይኗ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫ በኩል፣ ቢጫ ጠፍጣፋ ነገር አላት። አያማትም። ጉበት ነው?

ውስጥ ደዌ፦
ወለላ፣ ያ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ኮሌስትሮል ይመስላል። ይህ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የደም ስባቸው መደበኛ ነው። ቢሆንም የእናትሽ ኮሌስትሮል ይለካ፤ ጥቅሙ ለልቧ ነው። አልፎ አልፎ ሐሞት የሚያግድ የጉበት በሽታ ያመጣዋል፤ በተለይ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች። ማሳከክና ድካም ካላት ኤኤልፒዋን አሠሩላት።

ዓይንን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ወጣት ሰው ላይ የዓይን ጥቁሩን ክፍል ዳር የከበበ ወርቃማ ቡናማ ቀለበት ከታየ የዊልሰን በሽታ ሊሆን ይችላል። ሳሙኤል ዊልሰን የተባለው ሐኪም በ1912 የገለጸው ነው። በሽታው መዳብ በጉበትና በአንጎል ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ቀለበቱ በደንብ የሚለየው በዓይን ሐኪም መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ላይ አይከሰትም፤ ግን በጊዜ ከተያዘ መድኃኒት አለው። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ጉበቱም የታመመ ወጣት ካለ ዓይኑ ይታይ።

አዲስ ገቢ፦
እኔ ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ወጥተውብኛል። ጉበት የታመመ ሰው እንደ ሸረሪት ያለ ቀይ ነገር ይወጣበታል ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ፊቴን ለማጥራት አንድ ቅባት ለረጅም ጊዜ ተቀብቻለሁ።

ውስጥ ደዌ፦
አዲስ ገቢ፣ አትፍሪ፤ አንዱን ከሌላው እንለየው። የጉበቱ ዓይነት መሃሉ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አለው፤ ከነጥቡ ቀጫጭን እግሮች ወደ ዙሪያው ይወጣሉ። መሃሉን በጣትሽ ስትጫኚው ሁሉም ይነጣል። ስትለቂው ከመሃል ወደ ዳር ይሞላል። ፊት፣ አንገት፣ ደረት ከፍ ያለው ክፍልና ክንድ ላይ ይወጣል። አንድ ሁለት ጤነኛ ሰውም ላይ፣ ሕፃናትም ላይ አለ። በእርግዝና ጊዜም ይወጣና ከወሊድ በኋላ ይጠፋል። ከአምስት በላይ ከሆነ፣ እየጨመረም ከሄደ፣ ነፍሰ ጡርም ካልሆንሽ መመርመር ይገባል። ቆዳው ጠቆር ያለ ሰው ላይ በቀላሉ ላይታይ ይችላል።

ያንቺ መሃል ነጥብ የሌለው፣ ዝም ብሎ እንደ ክር የተዘረጋ ከሆነ ቅባቱን እጠረጥራለሁ። ብዙ የፊት ማጥሪያ ቅባቶች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለ። ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። አንዳንዶቹ ውስጥ ሜርኩሪ ተገኝቷል፤ ያ ኩላሊት ይጎዳል። ቅባቱን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለረጅም ጊዜ የተቀባሽው ስለሆነ ድንገት ስታቆሚ ፊትሽ ሊቆጣ ይችላል፤ አቋቋሙን እነሱ ይምሩሽ።

ታዛቢ፦
የቅጠሉን ነገር አልነገርከንም ዶክተር።

ውስጥ ደዌ፦
ትክክል ነህ። የምንውጠው ነገር ከአንጀት ተነስቶ አስቀድሞ የሚያልፈው በጉበት ነው። ስለዚህ መርዝነት ያለው ቅጠል መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው። «ጉበት ያጥባል» ከሚባሉት ውስጥ ጉበትን እንደሚያጸዳ የተረጋገጠ አንድም ዱቄት አላውቅም። ጉበት የሚያጣራ አካል ነው እንጂ ቆሻሻ የሚያጠራቅም ማጣሪያ ጨርቅ አይደለም። በሌላ በኩል ከቅጠላ ቅጠልና ከማሟያ እንክብሎች የመጣ የጉበት ጉዳት በሕክምና ተደጋግሞ ተመዝግቧል። ለክብደት መቀነሻ የሚሸጠው የተጨመቀ የአረንጓዴ ሻይ እንክብል አንዱ ነው። ዱቄት ሲሆን ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ጤነኛ ጉበት ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ጀምሮ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አክሜያለሁ፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የጮህኩት።

ፓራሲታሞልም አትርሱ። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ያ 500 ሚሊ ግራም የሆነው እንክብል 8 ማለት ነው። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳታውቁት ልትደራርቡ ትችላላችሁ። ጉበቱ የታመመ ወይም አልኮል የሚያበዛ ሰው ከዚያ ባነሰ መጠን መወሰን አለበት።

የማለዳ ጤዛ፦
ሄዳ ተመረመረች። የጉበት ውጤቷ ሁሉ ደህና ነው። ሄፓታይተስ ቢም ሲም የለባትም። የደም ማነስ ግን አለባት፤ የብረት እጥረት ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምራለች። የቆዳ ሐኪሙም ማድያት ነው አላት። የፀሐይ መከላከያ እንድትቀባና ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያው እንድትማከር ነግሯታል። ዱቄቱን ጥለነዋል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ ዝምተኛውን። ያንተን ጽሑፍ አንብባ ነው የተነሳችው።

ላብራቶሪ ቤት፦
እሰይ! ቢ ከሌለባት ደግሞ ክትባቱን ትውሰድ። አዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ይሰጣል። ለሲ ክትባት የለም፤ ግን በአብዛኛው በ8 ወይም በ12 ሳምንት የሚያልቅ እንክብል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያድናል። ዝምተኛው፣ ክትትልህን አታቋርጥ። ቤተሰብህም ይመርመር።

ፋና፦
ፆም ስይዝ ወይም ጉንፋን ሲይዘኝ ዓይኔ ትንሽ ቢጫ ይላል፤ ከዚያ ይለቀኛል። ሁሌም እንዲሁ ነው። ምን ይሆን?

ውስጥ ደዌ፦
ጊልበርት የሚባል ነገር ሊሆን ይችላል። ጉበት ቢሊሩቢንን የሚያቀነባብርበት ኢንዛይም በተፈጥሮ አነስ ያለ ሲሆን የሚታይ ነው። ረሃብ፣ ሕመምና ድካም ያባብሱታል። ጉዳት የለውም፣ ሕክምናም አያስፈልገውም። ግን ጊልበርት ነው ብሎ መተው የሚቻለው ሌላው ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ነው። የዓይን ቢጫነት ከጉበት ውጭም ይመጣል። ወባና ማጭድ መሰል የደም ሴል ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርስ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። የሐሞት ጠጠር ቱቦውን ሲዘጋም እንዲሁ። ሕመም የሌለው ቢጫነት፣ በተለይ ከክብደት መቀነስ ጋር፣ የቆሽት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አይዘገይም። ቢጫ የሆነ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ከያዘው፣ ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መዳፍና ፊት ቢጫ ሆኖ የዓይን ነጭ ግን ነጭ ከሆነስ? ያ ብዙ ጊዜ ካሮት ከማብዛት ነው፤ ሲቀነስ ይለቃል።

የልጅ እናት፦
ዶክተር ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ስለ ሕፃን ነው። ልጄ ከተወለደ 3 ሳምንት አልፎታል። ፊቱና ዓይኑ እስካሁን ቢጫ ነው። ጡት ይጠባል፣ ክብደቱም ጨምሯል። ሰዎች የጠዋት ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል ይሉኛል። ሰገራው ነጣ ያለ ነው።

ውስጥ ደዌ፦
የልጅ እናት፣ ነገ ጠዋት ሕፃኑን ይዘሽ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። በጊዜያቸው ከሚወለዱ ሕፃናት 60 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ በራሱ ይለቃቸዋል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የጀመረ ግን ሁልጊዜ ይመረመራል። ከ2 ሳምንት ያለፈም ይመረመራል። ጡት ብቻ የሚጠቡ አንዳንድ ጤነኛ ሕፃናት ላይ ይቆያል፤ የነሱ ሰገራ ግን ቢጫ ነው። ያስጨነቀኝ የሰገራው መንጣት ነው። ሐሞት ወደ አንጀት አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። የሐሞት ቱቦ ሳይሠራ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ለእነሱ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከተወለዱ በ60 ቀን ውስጥ ሲሆን የተሻለ ውጤት አለው። ስለዚህ ጊዜ አለሽ፤ የምታባክኚው ግን የለሽም። ፀሐይ ይህን አያድንም።

ስትሄጂ ሰገራ ያለበትን ዳይፐር ይዘሽ ሂጂ፤ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ቢሊሩቢኑ በጠቅላላ ብቻ ሳይሆን ቀጥተኛውም ተለይቶ እንዲለካ ጠይቂ። ዛሬ ማታ መጥባት እምቢ ካለ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ካተኮሰው እስኪነጋ አትጠብቂ።